ከብየዳው ግራና ቀኝ የሚወጣ ዝገት

ሐዋሳ ውስጥ ወተት ሰብስበው የሚያከፋፍሉ ጠያቂ፣ የስቴንለስ ስቲል ገንዳቸው ስንጥቁ ከተበየደ ከ7 ወር በኋላ ከብየዳው ጎን ቡናማ መስመር እንዳወጣ፣ በየቀኑ በበረኪና ቢያሹትም ተመልሶ እንደሚመጣ ጽፈውልኛል።

ዝገቱ ብየዳው ላይ ሳይሆን ጥቂት ሚሊሜትር ርቆ በግራና በቀኝ መውጣቱን ሳነብ፣ ብረቱ በብየዳ ሙቀት እንደተጎዳ ጠረጠርሁ። በየቦታው በነጠብጣብ ቢወጣ ኖሮ፣ ተራ ብረት የነካ የሽቦ ብሩሽ ያስቀረውን ብናኝ በጠረጠርሁ ነበር።

ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። ስቴንለስን የሚጠብቀው ክሮሚየም ነው፤ 304 በተባለው የስቴንለስ ዓይነት ውስጥ 18 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከ10.5 በመቶ በታች ከወረደ መከላከያው ስስ ሽፋን አይጸናም። ብረቱ እንደ ድንጋይ ግንብ በጥቃቅን ቅንጣቶች የተገነባ ነው። ከ425 እስከ 870 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ፣ ካርቦኑ በቅንጣቶቹ መጋጠሚያ ላይ ክሮሚየሙን ስለሚይዘው፣ ከመጋጠሚያው አጠገብ ያለው ብረት ክሮሚየም ያጣል፤ ድንጋዩ ደህና ሆኖ በመካከሉ ያለው ጭቃ ይሸረሸራል ማለት ነው። የቅንጣቱ መጠንም ለውጥ ያመጣል። ሙቀት የበዛበት ክፍል ቅንጣቶቹ ያድጋሉ፤ ትልልቅ ቅንጣት ደግሞ መጋጠሚያው ትንሽ ስለሆነ፣ ያው ካርቦን በጥቂት ቦታ ተከማችቶ ዝገቱ ሳይቆራረጥ የሚጓዝበትን መንገድ ይከፍታል። ደቃቅ ቅንጣት ያለው ብረት ጉዳቱን በብዙ መጋጠሚያ ያከፋፍለዋል።

የላኩት ፎቶ ላይ የብየዳው ጀርባ ጠቁሮና ሻክሮ ይታያል፤ የቀድሞው በያጅ በከፍተኛ አምፔር፣ ትኩሱን ብረት ከአየር የሚጠብቀውን አርጎን ጋዝ ከጀርባው ሳይለቅ፣ ሳያቋርጥ እንደበየደ ያሳያል። ይህን አሠራር በወተት ገንዳ ላይ ማየት ያሳዝነኛል። ገበያ ላይም 201 የተባለው ርካሽ ላሜራ በ304 ስም ይሸጣል፤ ሁለቱንም ማግኔት ስለማይስባቸው በማግኔት አይለዩም፤ የፋብሪካውን የምርመራ ወረቀት ይጠይቁ።

በላዩ መፋቅ አይበቃም። ከብየዳው በየጎኑ 2 ሳንቲሜትር ያህል ቆርጠው ያውጡና ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ በማይበልጥ 304ኤል ላሜራ ይተኩ። 308ኤል በተባለው የስቴንለስ መበየጃ ሽቦ፣ በዝቅተኛ አምፔር፣ አጭር አጭር እያደረጉ፣ እጅ እስኪያስቀምጡበት እያቀዘቀዙ፣ ከጀርባው አርጎን እየለቀቁ ይበይዱ። ቀለም የለወጠውን ክፍል ለስቴንለስ ብቻ በተለየ ብሩሽ ያጽዱት። በረኪናውንም ይተዉት፤ ክሎራይዱ ብረቱን ይቦረቡረዋል።

ግን አርጎን ከአየር ስለሚከብድና ሽታ ስለሌለው በገንዳው ታች ይጠራቀማል፤ ሰው ሳይታወቀው ትንፋሹን ያጣል። ስለዚህ ገንዳው በአየር መንፊያ ሳይናፈስ ማንም አይግባ። ሥራው አልቆ ውስጡን ለማየት ሲቸኩሉም እንኳ፣ መጀመሪያ ያናፍሱት፣ ውጭ የሚጠብቅ ሰው ያቁሙ፣ ጭንቅላትዎንም ወደ ታች አያጎንብሱ።