ኮሚክስ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤታችን የላይብረሪ ኃላፊ ለጥቁሮች ታሪክ ወር የኮሚክስ ግድግዳ እንዳዘጋጅ ጠየቀችኝ። ብላክ ፓንተርን፣ ስቶርምን፣ ሉክ ኬጅን፣ ስታቲክንና ማይልስ ሞራሌስን፣ የኮሚክስ ጥቁር ጀግኖችን፣ ለጠፍኩ። ግማሹን ራሴ ነኝ የሳልኩት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አያምረኝም። እናቴ ግን “ነርሲንግ ካልሆነ እኔን አታውቂኝም” ብላለች። ከኮሚክስ ሰው ይኖራል? አርት ስኩል ልግባ? ደግሞስ ሐበሻ ሆኜ ይህን ታሪክ የኔ ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ሦስቱንም ጥያቄ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ግን ወደ ግድግዳው እንመለስ። አምስቱም ጥሩ ምርጫ ናቸው። እስቲ ከእያንዳንዱ ምስል ሥር የፈጣሪውን ስም ጻፊበት።

ብላክ ፓንተር በ1966 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። የፈጠሩት ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ ናቸው። ስቶርም በ1975 መጣች፤ የሌን ዊን እና የዴቭ ኮክረም ሥራ ናት። ሉክ ኬጅ የ1972 ነው፤ እሱንም የወጠኑት ነጮች ናቸው። ማይልስ ሞራሌስን በ2011 ያመጡት ብራያን ማይክል ቤንዲስ እና ጣሊያናዊቷ ሣራ ፒኬሊ ናቸው። ከአምስቱ ከመነሻው ጥቁሮች የፈጠሩት ስታቲክን ብቻ ነው።

ይህን የምነግርሽ ግድግዳሽን ለማጣጣል አይደለም። እነዚህ ገጸ ባሕርያት ብዙ ልጅ አስደስተዋል፤ ጥቁር ባለሙያዎችም ኋላ ገብተው ሕይወት ዘርተውባቸዋል። በሉክ ኬጅ የመጀመሪያ ዕትም ላይ ቢሊ ግርሃም የሚባል ጥቁር ሠዓሊ አለበት። በብላክ ፓንተር ፊልም ያየሻቸው የቲቻላ (የብላክ ፓንተር ስሙ ነው) ሴት ጠባቂዎች፣ ዶራ ሚላጄዎቹ፣ በ1998 ክሪስቶፈር ፕሪስት መጻፍ ሲጀምር የመጡ ናቸው። ፕሪስት ጥቁር ነው። ከዚያ በፊትም የብላክ ፓንተር አሳታሚ በሆነው ማርቭል ቤት ኤዲተር ነበር። አንቺ ግን የጠየቅሽኝ ስለ ሥራ ነው። ስለ ሥራ ከተነሳ ደግሞ ማን ሳለው፣ ማን ተከፈለው፣ ማንስ ባለቤቱ ነው የሚለውን ሳናይ ማለፍ አንችልም።

ስለዚህ ስታቲክ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1993 ድዌይን ማክዱፊ፣ ዴኒስ ካዋን፣ ማይክል ዴቪስ እና ዴሪክ ዲንግል ስታቲክን ያወጣውን የኮሚክስ ድርጅት፣ ማይልስቶን ሚዲያን፣ አቋቋሙ። መጻሕፍቱን የሚያትመውና የሚያከፋፍለው ግዙፉ የኮሚክስ አሳታሚ ዲሲ ነበር። ውሉ ግን ገጸ ባሕርያቱን ለዲሲ አልሰጠም። ዲሲ በፈቃድ ያትማል፤ ባለቤቱ ማይልስቶን ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የኮሚክስ ገበያ ወደቀ፤ በ1997 መጻሕፍቱም ቆሙ። ስታቲክ ግን አልሞተም። ከ2000 እስከ 2004 የቴሌቪዥን ካርቱን ሆነ። በ2021 ደግሞ መጻሕፍቱ እንደገና መውጣት ጀመሩ።

አሁን አራቱ ሰዎች ምን እንደነበሩ እይ። ማክዱፊ ዩኒቨርሲቲ የተማረው እንግሊዝኛና ፊዚክስ ነው። ዲንግል የቢዝነስ ጋዜጠኛ ነበር። ጎበዝ ሠዓሊዎች ነበሯቸው፤ ሂሳብና ውል የሚያነብ ሰውም አብሯቸው ነበር። የኛ ልጆች ስለ ኮሚክስ ሲያስቡ የሚታያቸው እርሳስ ብቻ ነው። ወላጆቻችንም የሚፈሩት ያንኑ እርሳስ ነው።

የ“ሰው ይኖራል?” መልስ ይኸው። ይኖራል፤ ግን ወር ጠብቆ በሚገባ ደመወዝ የሚኖረው ጥቂቱ ነው። አንድ የወር ዕትም ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 22 ገጽ አለው። ደራሲው ይጽፋል። አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፤ ሌላው በጥቁር ቀለም ያጸናዋል። ቀለም ቀቢ አለ። ንግግሩን በፊኛዎቹ ውስጥ የሚያሰፍር ሌላ ባለሙያ አለ። ኤዲተሩ ሁሉንም ያሯሩጣል። ከኤዲተሩ በቀር አብዛኞቹ ቋሚ ቅጥር የሌላቸው ፍሪላንስ ናቸው፤ ክፍያቸው በገጽ ይሰላል። የጤና ኢንሹራንስ የለም፤ ታክሱንም ራስሽ ነሽ የምታሰቢው። ደህና የሚፈጥን ነዳፊ በቀን አንድ ገጽ ያህል ይሠራል። ከዚህ ተነስተሽ የወሩን ገቢ ማስላት ትችያለሽ። ለማርቭል ወይም ለዲሲ ስትሠሪ ደግሞ የፈጠርሽው ገጸ ባሕርይ በተለምዶ የኩባንያው ነው። ፊልም ቢሠራበት የሚደርስሽ ውሉ የሚለውን ያህል ብቻ ነው።

ሌላም በር አለ። ኢሜጅ ኮሚክስ የሚባለው አሳታሚ በ1992 ሲመሠረት ጀምሮ ባለቤትነቱን ለፈጣሪው ይተዋል። ሦስት ጥቁር ባለሙያዎች፣ ዴቪድ ዎከር፣ ቸክ ብራውን እና ሳንፎርድ ግሪን፣ “ቢተር ሩት”ን በ2018 እዚያ አስጀምረው በ2020 አይስነር የሚባለውን ታላቅ የኮሚክስ ሽልማት ወሰዱ። ጣጣው ገንዘቡ ቀድሞ አለመምጣቱ ነው። መጽሐፉ እስኪሸጥ ድረስ የቤት ኪራይ የሚከፍልልሽ ሌላ ሥራ ያስፈልግሻል።

እኔ ብጠየቅ አንቺን የምልክሽ ወደ ሦስተኛው በር ነው፤ ወደ ልጆችና ወጣቶች መጻሕፍት አሳታሚዎች። እዚያ በኤጀንት፣ ማለትም ደራሲውን ወክሎ ከአሳታሚ ጋር በሚዋዋል ሰው፣ በኩል ይገባል፤ ቅድሚያ ክፍያ አለ፤ መጽሐፉ ከዚያ በላይ ከሸጠ ሮያሊቲ፣ ከሽያጩ የሚደርስሽ ድርሻ፣ ይከተላል። ጄሪ ክራፍት በ2019 “ኒው ኪድ”ን አወጣ። ወደ ሀብታም የግል ትምህርት ቤት ስለሚገባ የኒውዮርክ ጥቁር ልጅ ነው። በ2020 ኒውበሪ ሜዳሊያን፣ የአሜሪካን ታላቅ የልጆች መጽሐፍ ሽልማት፣ ሲወስድ ለኮሚክስ መጽሐፍ የመጀመሪያው ነበር። ሰውየው ያን ጊዜ ጀማሪ አልነበረም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የጋዜጣ ኮሚክስ ሲሠራ፣ መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ ሲያሳትም የኖረ ነው። ግድግዳሽ ላይ ጀግና በካባ ብቻ ነው ያለው። እሱን ልጅ ጨምሪበት።

ስለ ፖርትፎሊዮ፣ ለቀጣሪ ስለምታሳዪው የሥራ ስብስብ። የላክሽልኝ ሥዕሎች ያምራሉ፤ ግን ሁሉም ቆመው ፎቶ የሚነሱ ጀግኖች ናቸው። እንዲህ ያለ ሥዕል የሚሸጥበት ገበያ አለ፤ ኤዲተር ግን በዚህ አይቀጥርም። ኤዲተሩ ማየት የሚፈልገው ከሦስት እስከ አምስት ተከታታይ ገጽ ነው። ታሪክ ይሄዳል ወይ? ዓይኔ ቀጥሎ የቱን ሥዕል እንደሚያይ ያውቃል? አንዲት ልጅ በገጽ አንድም በገጽ አራትም ያችው ልጅ መሆኗ ይታወቃል? አባትሽ ታክሲ ነጂ መሆኑን ጽፈሻል። ከደለስ ኤርፖርት የመጨረሻውን ሰው አድርሶ መኪናውን አቁሞ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ ልጆቹን ላለመቀስቀስ በሩን ቀስ አድርጎ እስኪከፍት ያለውን በሁለት ገጽ ሳይው። አንድም ቃል አትጻፊ። ይህን ከቻልሽ ሕንፃ የሚያፈርስ ጀግና ማንም ያምንሻል።

አንድ የቴክኒክ ነገርም ልጨምር። የድሮ ኮሚክስ በርካሽ ወረቀትና በጥቂት ቀለም ስለሚታተም የጥቁር ሰው ቆዳ ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ይወጣ ነበር። ዛሬ ያ ሰበብ የለም፤ ስንፍናው ግን አለ። አሥር ጥቁር ሰው ስለሽ አሥሩንም በአንድ ቡናማ አትቀቢ። መብራቱ ከየት ነው የሚመጣው? ቀይ ዳማዋና ጠይሟ በአንድ ክፍል ሲቀመጡ ምን ይሆናል? ፀጉርም እንዲሁ። ሹሩባ ስትስዪ አሠራሩን የምታውቂ ነሽ፤ ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ እጅሽ ያውቀዋል። ይህን የሚያይ ኤዲተር ስምሽን ይይዛል።

አሁን እናትሽ። ከሷ ጋር አትጣዪ፤ ፍርሃቷ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የአርት ስኩል ዕዳ ይዞ በገጽ ክፍያ መኖር ከባድ ነው። ለኒው ጀርሲው የኩበርት ስኩልም ሆነ ለሌላ የግል የሥነ ጥበብ ኮሌጅ አሁኑኑ ሙሉ ክፍያ እንድትገቢ አልመክርም። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሰፈርሽ ነው። ለካውንቲው ነዋሪ ክፍያው ይቀንሳል፤ የሥነ ጥበብም የነርሲንግም ትምህርት አለው። ሁለት ዓመት እዚያ ተማሪና ከዚያ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተዛወሪ። ፋፍሳውን (የመንግሥት የትምህርት ዕርዳታ መጠየቂያ ቅጹን) አሁን ሙዪ። ከሥዕል ኮርሶቹ ጎን አንድ የአካውንቲንግና አንድ የቢዝነስ ሕግ ኮርስ ውሰጂ። ይሄኛውን በምክር መልክ አትውሰጂው፤ ሥራው የሚጠይቀው ነው።

ነርሲንጉን ብትመርጪም እርሳሱን የሚነጥቅሽ የለም። ኤም ኬ ሰርዊክ የምትባል ነርስ ቺካጎ ውስጥ በኤችአይቪ ታካሚዎች ክፍል የሠራችበትን ዘመን በ2017 የኮሚክስ መጽሐፍ አድርጋ አውጥታዋለች። ሕመምንና ሕክምናን በኮሚክስ መሥራት ዛሬ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው፤ ግራፊክ ሜዲስን ይሉታል። ይህን ለእናትሽ ንገሪያት። ላትስማማ ትችላለች፤ ቢያንስ ግን ሁለታችሁ የምታወሩበት ነገር ይኖራል።

“የኔ ማለት እችላለሁ ወይ?” ላልሽው ደግሞ አንድ ጋዜጣ ላስተዋውቅሽ። ፒትስበርግ ኩሪየር የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ ነበር። ጣሊያን በ1935 ሲወረን ጄ ኤ ሮጀርስ የሚባለውን ጸሐፊ ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ጦርነቱን አዘግቧል። ሮጀርስ በዚያው ጋዜጣ የጥቁሮችን ታሪክ ከሥዕል ጋር የሚያቀርብ ሳምንታዊ ዓምድ ነበረው። በ1937 ደግሞ ያው ጋዜጣ የጃኪ ኦርምስን ኮሚክስ ማተም ጀመረ። ቶርቺ ብራውን የምትባል ልጅ ከደቡብ ተነስታ ኒውዮርክ ዘፋኝ ለመሆን ትሄዳለች። ኦርምስ በጋዜጣ ኮሚክስ ከወጡት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። በኋላ የፈጠረቻት ትንሿ ፓቲ ጆ በ1947 አሻንጉሊት ሆና ተሸጣለች። የጥቁር ሕፃን አሻንጉሊት ለማሾፊያ በሚሠራበት ዘመን፣ ያማረ ልብስ የለበሰች ጥቁር ልጅ! እሷን ሳትለጥፊ ግድግዳው አላለቀም።

በዚያው በ1947 ፊላደልፊያ ውስጥ ኦሪን ኢቫንስ የሚባል ጋዜጠኛ “ኦል ኒግሮ ኮሚክስ”ን አሳተመ። ደራሲዎቹም ሠዓሊዎቹም ጥቁሮች ነበሩ። ሁለተኛው ዕትም ተሰናድቶ ሳለ ወረቀት የሚሸጥለት አጣ። አንድ ዕትም ብቻ ወጥቶ ቀረ።

እንግዲህ በሩን የገፉት እነዚህ ናቸው፤ የነሱን ዋጋ አክብረሽ ግቢ። አሜሪካ ተወልደሽ፣ በአሜሪካ ጎዳና እንደ ጥቁር ልጅ እየታየሽ፣ ታሪኩ አይመለከተኝም ማለት አትችይም። የራስሽንም ይዘሽ ግቢ። ብስራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ በኩል “ጀምበር”ን በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። ጀግናው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ተመርቆ ሥራ ፈላጊ! (ለኔ ዓምድ የተጻፈ ነው የሚመስለው።) ሮይ ኦኩፔ ደግሞ ከሌጎስ በ2002 መጥቶ እዚሁ ዋሺንግተን ጆርጅ ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማረ። በ2015 ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስቦ የመጀመሪያ መጽሐፉን አሳተመ። ራሱ አይስልም፤ ይጽፋል፣ ናይጄሪያ ያሉ ሠዓሊዎችን ይቀጥራል። በ2021 ዳርክ ሆርስ የተባለው አሳታሚ ከድርጅቱ ጋር ተዋዋለ። የስደተኛ ልጅ ዲግሪውንም ኮሚክሱንም ይዞ ሲሄድ ከአንቺ ሰፈር ሩቅ አይደለም።

ጥቁር ገጸ ባሕርይ ብቻ ልሳል ወይ ብለሽ በጎን ጠይቀሻል። የለም። የምታውቂውን ሳይ።

አሁን ወደ ቅርቡ ሥራ። ኒውዮርክ፣ ሃርለም ያለው የሾምበርግ ማዕከል የጥቁር ኮሚክስ ፌስቲቫል ሲያዘጋጅ ቆይቷል፤ የዓመቱን ፕሮግራም ከድረ ገጻቸው ተከታተዪ። መስከረም አካባቢ ደግሞ ስሞል ፕሬስ ኤክስፖ የሚባል የትንንሽ አሳታሚዎች የኮሚክስ ትርኢት ሜሪላንድ ቤተስዳ ውስጥ ይካሄዳል፤ ላንቺ ጎረቤት ነው። መጀመሪያ እንደ ተመልካች ሂጂ። ጠረጴዛ ይዘው የተቀመጡትን አንድ ነገር ገዝተሽ ማተሚያው ስንት እንደፈጀባቸው ጠይቂ፤ አብዛኞቹ በግልጽ ይነግሩሻል። ለኤዲተር ደግሞ ጥያቄሽን አጭር አድርጊ፤ አምስቱን ገጽ አሳዪ፣ የሚልሽን ጻፊ፣ አትከራከሪ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ሳይሆን አንድ የትምህርት ዕረፍት ቀን መርጠሽ ወደ ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ውረጂ፤ ሜትሮው ያደርስሻል። ከአገሪቱ ትልልቅ የኮሚክስ ክምችቶች አንዱ እዚያ፣ ማዲሰን በሚባለው ሕንፃ ነው ያለው። 16 ዓመት ከሞላሽና ፎቶ ያለበት መታወቂያ ከያዝሽ የአንባቢ ካርድ በነፃ ይሰጡሻል። ማየት የምትፈልጊውን ዕትም ቀደም ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂያቸው። እርሳስ ይዘሽ ግቢ።