መልስ፦ ማኅበሩ የደገፈውን ዕጩ መምረጥ ግዴታ ነው ወይ?

እህቴ፣ ላስ ቬጋስ ሆቴል ውስጥ እየሠራሽ የሠራተኛ ማኅበሩ የዕጩዎች ስም ያለበት ካርድ ቢልክልሽ «እነሱን መምረጥ ግዴታዬ ነው? ከደመወዜ የሚቆረጠው መዋጮስ ለእነሱ ይሄዳል?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ግዴታ የለብሽም። ድምፅ ሚስጥር ነው፤ ካርዱን ማቀዝቀዣሽ ላይ ለጥፈሽ ሌላ ሰው ብትመርጪ ማንም አያውቅብሽም።

የገንዘቡ ነገር ግን ትንሽ ይወሳሰባል። ለፕሬዚዳንትና ለኮንግረስ ምርጫ ከመደበኛው መዋጮ አንሥቶ ለዕጩ በቀጥታ መስጠት፣ እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው የታፍት ሃርትሊ ሕግ ተከልክሏል። ለዕጩ የሚሰጠው አባላት በፈቃዳቸው ለብቻው ከሚያዋጡት የፖለቲካ ፈንድ ነው። ስለዚህ ከአባልነት ቅጹ ጋር ሌላ ወረቀት ቢሰጡሽ ሳታነቢ አትፈርሚ። ያ የደረሰሽ ካርድ ግን ከመዋጮሽ ታትሞ ሊሆን ይችላል፤ ለገዛ አባላት መልእክት መላክ ተፈቅዷልና። ለስቴት ምርጫ ደግሞ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው።

ደግሞ ማኅበሮቹ ራሳቸው ሁልጊዜ አንድ ልብ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2024 ቲምስተርስ የተባለው የጭነት መኪና ሾፌሮችና የሌሎች ሠራተኞች ማኅበር ዋና ጽሕፈት ቤት ለፕሬዚዳንትነት ማንንም አልደግፍም ሲል፣ የካሊፎርኒያና የኔቫዳ ቅርንጫፎቹ ካማላ ሃሪስን ደግፈው ወጡ።