ስለ ፕሮስቴት፣ ፊኛና የዘር ፍሬ ካንሰር የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ዩሮሎጂ (የሽንትና የወንድ የመራቢያ አካላት ሕክምና) ክፍል ውስጥ ነው። በውስጥ መስመር የሚመጣው ጥያቄ ስለበዛ እዚሁ በግልጽ ልመልስ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመቱ ነው። በደም ምርመራ ፒኤስኤ 6.8 ወጣበት፣ ከፕሮስቴቱ ናሙና ይወሰድ ተባለ። ካንሰር ነው ማለት ነው?

በዚህ ቁጥር ብቻ አይባልም። ፒኤስኤ ጤነኛ ፕሮስቴትም (ከፊኛ በታች ያለው የወንዶች ዕጢ) የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ፕሮስቴት በዕድሜ ሲተልቅ ይጨምራል፣ የሽንት ኢንፌክሽን ሲኖር ይጨምራል፣ ሰሞኑን ሽንት ተዘግቶበት ትቦ ገብቶለት ከነበረማ ቁጥሩን ጭራሽ አትመነው። ኢንፌክሽን ካለ ይታከምና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገም። አሁንም ከፍ ካለ፣ ከናሙናው በፊት ኤምአርአይ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ድሮ ናሙና የሚወሰደው በግምት ነበር፤ አልትራሳውንዱ ፕሮስቴቱን እንጂ ካንሰሩን በደንብ ስለማያሳይ ከዚህም ከዚያም 10፣ 12 ቦታ ይወጋል። በ2018 የታተመው ፕሪሲዥን የተባለ ጥናት 500 ወንዶችን ለሁለት ከፍሎ አነጻጸረ። ኤምአርአይ ቀድመው ከተነሱት ውስጥ አደገኛው ካንሰር በ38 በመቶው ተገኘ፣ በድሮው መንገድ ግን በ26 በመቶው። እኔን የገረመኝ ሌላው ቁጥር ነው፦ ኤምአርአይ ከተነሱት 28 በመቶው ጭራሽ ሳይወጉ ቀሩ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ካንሰር አገኙብኝና "ሳናክም እንከታተል" አሉኝ። ኢንሹራንሴ ደካማ ስለሆነ ይሆን?

አይመስለኝም ጋሼ። የፓቶሎጂ ወረቀቱን (የናሙናውን ውጤት) ያውጡና "ግሊሰን" የሚለውን፣ የካንሰሩን አደገኛነት የሚለካውን ቁጥር፣ ይፈልጉ። 3+3=6 ካለ፣ ከ10 ስድስት ነው ብለው አይደንግጡ፤ አሁን ባለው አሠራር ለካንሰር የሚሰጠው ዝቅተኛው ውጤት እሱ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ፕሮቴክት የተባለው ጥናት 1,643 ወንዶችን በቀዶ ሕክምና፣ በጨረርና በክትትል ከፍሎ 15 ዓመት ያህል ተከታተላቸው። በሦስቱም ቡድን በፕሮስቴት ካንሰር የሞተው ከ100 ወደ 3 ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ካንሰሩ ወደ ሌላ ቦታ የተሰራጨባቸው ሰዎች በክትትሉ ቡድን እጥፍ ያህል ነበሩ፤ ስለዚህ ቀጠሮ መዝለል የለም። በሌላ በኩል ኦፕራሲዮኑ ሽንት ማምለጥና የወሲብ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ይህን አስቀድሞ በግልጽ የሚነግር ሐኪም ጥሩ ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ ሪያድ ሹፌር ነኝ። አንድ ቀን ሽንቴ ደም ሆነ፣ ሕመም የለውም፣ በራሱ ቆመ። ልተወው?

እንዳትተወው! በዚህ ሳምንት ታይ። ሕመም የሌለው ደም የፊኛ ካንሰር ዋናው ምልክት ነው፤ መጥቶ መሄዱ ነው ሰውን የሚያዘናጋው። በተለይ ሴቶች ኢንፌክሽን ነው እየተባሉ አንቲባዮቲክ ሲደጋገምላቸው ወራት ያልፋል። አልትራሳውንድ ብቻውን አይበቃም፣ ፊኛው በካሜራ ይታይ። ሲጋራ ታጨሳለህ? ከፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከሲጋራ ጋር የተያያዘ ነው። ያደግከው የሽንት ቢልሃርዚያ ባለበት አካባቢ ከሆነ፣ ለምሳሌ ታችኛው አዋሽ፣ ያንንም ንገራቸው። ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ፊኛ ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ለፊኛ ካንሰር ቢሲጂ ታዘዘላት። ይሄ የሕፃናት ክትባት አይደለም እንዴ?

ባክቴሪያው ያው ነው፣ የተዳከመ የከብት ቲቢ። መጠኑና አሰጣጡ ግን ሌላ ነው፦ በቀጭን ትቦ ፊኛ ውስጥ ይገባል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል፣ በሳምንት አንዴ ለ6 ሳምንት። የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ካንሰሩ ላይ ያዘምተዋል። ካናዳዊው ሞራሌስ ውጤቱን ያሳተመው በ1976 ነው፣ እስካሁን የተሻለው ጥቂት ነው። የሚሰጠው ግን ካንሰሩ ወደ ፊኛው ጡንቻ ካልገባ ነው። ስለዚህ "ናሙናው ውስጥ ጡንቻ ነበረበት ወይ?" ብለህ ጠይቅልኝ። ጡንቻ ከሌለበት መግባቱና አለመግባቱ አይታወቅም፣ ብዙ ጊዜ ናሙናው ይደገማል።

ለተሰራጨው የፊኛ ካንሰር ደግሞ ኢንፎርቱማብ ቬዶቲንና ፔምብሮሊዙማብ የተባሉት መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲሰጡ አማካዩ የሕይወት ዘመን 31.5 ወር ሆነ፤ በኬሞ 16.1 ነበር። ይህን ያህል ለውጥ እናያለን ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነው። ዋጋው ግን አይቀመስም።

ጥያቄ፦ የፕሮስቴት ካንሰር አጥንት ውስጥ ከገባ ሉቴሺየም የተባለው ጨረር አመንጪ መድኃኒት ያድናል ይባላል?

አያድንም፣ ዕድሜ ያራዝማል። ፒኤስኤምኤ የተባለውን የካንሰሩን ምልክት ፈልጎ ጨረር ያደርስለታል። ሌላው መድኃኒት አልሠራ ባላቸው ሰዎች ላይ አማካዩን ከ11.3 ወደ 15.3 ወር አድርሶታል። ለአብዛኛው አገር ቤት ላለ ሰው የሚቀርበው ግን ሌላ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሃጊንስ በ1941 ያሳየው ዛሬም ይሠራል፣ የወንዴ ሆርሞኑን መቀነስ። በመርፌም ይሆናል፣ ቆለጥ በማውጣትም፤ ሁለተኛው አንዴ የሚከፈልበት ነው። አቢራቴሮን የተባለውን የፕሮስቴት ካንሰር ኪኒን የሚወስድ ደግሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፦ 72 ሰዎች ላይ በተደረገ ትንሽ ጥናት ሩብ መጠኑ ከቀላል ቁርስ ጋር ሲወሰድ ፒኤስኤን የቀነሰው በባዶ ሆድ ከሚወሰደው ሙሉ መጠን ባላነሰ ነው። በራሳችሁ እንዳትሞክሩት።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወንድሜ አንዱ የዘር ፍሬው ጠጥሯል። አያመውም፣ መታየት ግን አፈረ።

ጎትተህም ቢሆን ውሰደው። ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞ መድኃኒት ከመጣ ወዲህ ተሰራጭቶ እንኳ አብዛኛው የሚድነው ካንሰር ይሄ ነው። ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ዘር ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጥቁር አዝሙድ በማር?

ለጣዕሙ ብላው። ካንሰር እንደሚያድን የተረጋገጠ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ቀጠሮ ምን ይዤ ልሂድ?

የፓቶሎጂ ወረቀቱን ራሱን፣ የፒኤስኤ ውጤቶችህን ከነቀናቸው፣ የምስሎቹን ሲዲ፣ የምትውጣቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነካርቶናቸው። በተለይ ለሽንት መቆራረጥ ፊናስትራይድ የምትወስድ ከሆነ። ስድስት ወር ገደማ ከተወሰደ ፒኤስኤን በግማሽ ያህል ስለሚያወርድ፣ ወረቀቱ ላይ 3 የሚለው 6 ሊሆን ይችላል።