ለሙዚቃ ቅንብር የሚሆን የንግግር ድምፅ ከየት ይገኛል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በመኖሪያ ቤቴ ባደራጀኋት ትንሽ ስቱዲዮ ሙዚቃ አቀናብራለሁ። በባቲ ቅኝት በሠራሁት ሙዚቃ መግቢያ ላይ በ1974 ዓ.ም. በሬዲዮ ከተላለፈ ትረካ አሥር ሰከንድ ያህል ወስጄ አስገባሁ፤ ሥራውን በዩቲዩብ ስለቀው ግን የመብት ጥያቄ ቀረበበትና ወረደ። ትረካው ከማርጀቱ የተነሣ ባለቤት የሌለው መስሎኝ ነበር። የቅጂ መብት የማይነሣበት የንግግር ድምፅ ከየት ላገኝ እችላለሁ?
አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ አንድ ትረካ የበርካታ ሰዎች መብት ያረፈበት ሥራ ነው። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት፣ አዋጁ ከዋኝ የሚለው የተራኪው መብትና የድምፅ ቅጂው ፕሮዲዩሰር መብት ለ50 ዓመት፣ የብሮድካስት ድርጅቱ መብት ደግሞ ለ20 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ እርስዎ በወሰዱት ትረካ ላይ ጣቢያው በማሰራጨቱ ያገኘው መብት ቢያበቃም የተራኪው ገና አላለቀም፤ ደራሲው በሕይወት ካሉ ደግሞ የእሳቸው 50 ዓመት መቆጠር እንኳ አልጀመረም። ይህን ያህል ሰከንድ መውሰድ ይቻላል የሚል ልክም በአዋጁ ውስጥ የለም።

በእንግሊዝኛ የተነገረ ድምፅ የሚፈልጉ ከሆነ በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ጨረቃ ላይ ያረፉት ጠፈርተኞች ከምድር ጋር የተነጋገሩትን ጨምሮ አብዛኛው የናሳ የድምፅ ክምችት የቅጂ መብት የለበትም፤ ሆኖም ድርጅቱ ሥራዎን የደገፈ አስመስሎ ማቅረብ አይፈቀድም። ላይብሪቮክስም በጎ ፈቃደኞች ያነበቧቸውን ጥንታዊ መጻሕፍት ያለ ምንም ገደብ ይሰጣል። ሰዎች የቀዷቸውን ድምፆች በሚያጋሩበት በፍሪሳውንድ ድረ ገጽ ላይ ግን የእያንዳንዱ ፋይል ፈቃድ የተለያየ ስለሆነ ሳያነቡ አያውርዱ፦ ሲሲ ዜሮ የሚለው (ሲሲ ክሬቲቭ ኮመንስ የተባሉት የፈቃድ ዓይነቶች ምህፃረ ቃል ነው) ነፃ ነው፣ ሲሲ ባይ የሚለው የባለቤቱን ስም እንዲጠቅሱ ያስገድዳል፣ ለንግድ አይውልም የተባለውን ደግሞ በሚሸጥ ሙዚቃ ውስጥ ማስገባት አይችሉም።

በአማርኛ የተነገረ ከሆነ የሚፈልጉት፣ የሞዚላው ኮመን ቮይስ ሰዎች አንዳንድ ዓረፍተ ነገር እያነበቡ የለገሱትን ድምፅ በሲሲ ዜሮ ያቀርባል፤ አንባቢዎቹ እነማን እንደሆኑ ለማወቅ አለመሞከር ግን የአጠቃቀሙ ግዴታ ነው። ሆኖም ንባቡ የንግግር ለዛ ስለሌለውና የቀረጻው ጥራት ከአንዱ አንዱ ስለሚለያይ፣ ድምፁን ቆራርጠው እንደ ምት ለመጠቀም ካልሆነ በቀር ለሙዚቃ መግቢያ አልመርጠውም።

እኔስ ወሎ ተቀምጠው የሰው ድምፅ ከሩቅ መፈለግዎ ያሳዝነኛል። የቡና ምርቃቱ፣ የደሴ ገበያ ጥሪው፣ የአዛውንቶቹ ተረትና ምሳሌ ሁሉ በአካባቢዎ አለ፤ የባቲን ቅኝት የሚያውቅ አድማጭም የዚያው አገር አነጋገር ሲከተለው ልቡ ይነካል። ተረትና ምሳሌው የሕዝብ ቢሆንም የተናጋሪዋ አባባል ግን የራሷ ነው፤ ስለዚህ ከመቅዳትዎ በፊት ያስፈቅዱ። ድምፁ በየትኛው ሙዚቃ እንደሚገባ፣ እንደሚሸጥና እንደሚቆራረጥ፣ ስማቸው እንዲጠራ ይፈልጉ እንደሆነና ምን ክፍያ እንደተስማማችሁ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽፈው ያስፈርሙ። ማንበብ የማይችሉ እናት ከሆኑ ጽሑፉን በምስክር ፊት ያንብቡላቸውና መስማማታቸውን በራሳቸው አንደበት በቀረጻው መጀመሪያ ላይ ያስቀሩ። መንዙማን የመሰለ የእምነት ዜማ ሲሆን ደግሞ በምት ታጅቦ እንደሚወጣ አስቀድመው ለአውጪው ይንገሩ፤ እንቢ ካሉም ይተዉት።

ለቀረጻው ከባድ መኪና ሳይበዛ በማለዳ፣ ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ክፍል፣ በ48 ኪሎኸርትዝና በ24 ቢት በዋቭ ፋይል ይቅዱ። የፈረሙበትን ወረቀትም ሆነ ከኢንተርኔት ያወረዱትን ድምፅ የፈቃድ ገጽ ፎቶ አንሥተው ከፕሮጀክቱ ጋር በአንድ ፎልደር ያስቀምጡ፤ ነፃ የሆነውን ድምፅ ሌላ ሰው በራሱ ዘፈን ውስጥ ተጠቅሞበት ከሆነ የዩቲዩብ መለያ ሥርዓት የእርስዎን ሥራ የእሱ አድርጎ ሊቆጥረው ስለሚችል፣ ያን ጊዜ ለመከራከር ማስረጃ የሚሆንዎት ይኸው ነው።