ድሬ ላይ ሩጫ ለምታዘጋጁ፦ ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ውስጥ የሰፈር ሩጫ ሳስተባብር ዓመታት አልፈዋል። የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ያሰባችሁ ልጆች ለጠየቃችሁኝ ይኸው መልሴ።

ጋሼ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ብናስጀምርስ? ሰው ቀድሞ አይመጣም።
አቦ፣ 2 ሰዓትማ ረፍዷል! 12፡30 አስጀምሩ። በእግሩ የሚሄድ ሰው 5 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ። ወሩም ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይሻላል። ሰዓቱ ሳይቆረጥ ቲሸርት አታሳትሙ።

መንገዱን በመኪና ለካነው። አይበቃም?
አይበቃም። የመኪና ቆጣሪ ይስታል። ብስክሌት ውሰዱ። መጀመሪያ ቀጥ ያለ 300 ሜትር በብረት ሜትር ለኩና ጎማው ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቁጠሩ። ከዚያ ሯጭ የሚያቋርጠውን አጭሩን መስመር ተከትላችሁ፣ የጎማውን ዙር እየቆጠራችሁ ንዱ። ኩርባ ላይ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ራቁ። በመጨረሻ ለየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ጨምሩ፤ ለ5 ኪሎ 5 ሜትር ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ መንገዱ አያጥርም፣ የልጆቹም ሰዓት ይታመናል።

ከከዚራ ተነስተን መጋላ ብንገባስ?
መነሻው ከዚራ ይሁን፤ መንገዱ ሰፊ ነው፣ የዛፍ ጥላም አለው። መጋላ ግን ጠባብ ነው። ሰው ሳይበታተን ከገባ እርስ በርሱ ይረጋገጣል። ከ3ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ አስገቡት። የባጃጅ ሾፌሮችን ቀድማችሁ አናግሩ። መስቀለኛው ላይ ሰደርያ አልብሳችሁ ብታቆሟቸው ከማንም በላይ ይጠብቁላችኋል።

ደቻቱ፣ በበጋ የሚደርቀው ወንዝ አሸዋ ላይስ? መኪና የለም።
በበጋ ለልምምድ እሺ። በዝናብ ወቅት እንዳታስቡት። የ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው በላ። ዝናቡ ደጋው ላይ ጥሎ፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ውሃው ሊደርስ ይችላል።

ውሃ ስንት ቦታ ይቀመጥ?
አጋማሹ ላይና መጨረሻው ላይ። አንድ ዓመት ፈጣኖቹ ውሃውን ጭንቅላታቸው ላይ አፍስሰው ጨረሱት። ከኋላ የመጡት እናቶች ባዶ ካርቶን ጠበቃቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ከውሃው ሲሶው በአንድ ሰው እጅ ይቆያል፤ ለኋለኞቹ ብቻ።

ሰው በሙቀት ቢወድቅ?
ሰውነቱ ከጋለና ንግግሩ ከተዘበራረቀ አደጋ ነው። አምቡላንስ ጥሩ፤ እሱ እስኪደርስ ግን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ በረዶ ባለው ውሃ አቀዝቅዙት። አንድ ትልቅ ሳፋና በረዶ መድረሻው ላይ ይኑር።

ሽልማቱስ?
በእጃችሁ ያለውን ብቻ አስተዋውቁ። በዕለቱ ስጡ።

ፈቃድ?
ከአንድ ወር በፊት በደብዳቤ፤ ለስፖርት መሥሪያ ቤቱም ለትራፊክ ፖሊስም። የመንገዱን ካርታ አያይዙ።

መድረሻውን መቼ እናፍርስ?
መዝጊያ ሰዓቱን ሲመዘገቡ ንገሯቸው። ከጅምሩ አንድ ሰዓት ተኩል ጊዜ ስጡ። እስከዚያ ባነሩ አይወርድም፣ የሚያጨበጭብ ሰውም አይጠፋም።