የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሳይጎን የለመደ ሞተረኛ በአራት ኪሎ

ጥያቄ፦ ቀበና ከሚገኘው ግቢያችን ውስጥ አንዱን ቤት ለሁለት ዓመት ሥራ ለመጣ የውጭ አገር ዜጋ አከራይተናል። ጨዋና ሰው አክባሪ ነው። ከዚህ በፊት በቬትናም፣ በሆ ቺ ሚን ከተማ (በቀድሞ ስሟ ሳይጎን) ብዙ ዓመት ኖሮ ወደ ሥራም ወደ ገበያም የሚመላለሰው በሞተር እንደ ነበር ይነግረናል። አሁንም ሞተር ገዝቶ፣ በአራት ኪሎ በኩል ካዛንቺስ ወዳለው መሥሪያ ቤቱ በየቀኑ ሊሄድበት አስቧል። «ያን ትርምስ የቻልኩ ሰው የአዲስ አበባ መንገድ አያቅተኝም» ይላል። ባለቤቴ «የሰው አገር ሰው ነው፤ አንድ ነገር ቢደርስበት ምን እንመልሳለን?» እያለ እንድከለክለው ይወተውተኛል። እኔ ደግሞ የማላውቀውን ነገር መከልከል ከበደኝ። እናንተ ምን ትመክሩኛላችሁ?
ወ/ሮ ሰ.፣ ከቀበና

መልስ፦ ወይዘሮ ሰ.፣ ተከራይዎ ዐዋቂ ሰው ስለሆነ መከልከሉ የእርስዎ ድርሻ አይመስለንም፤ ነገር ግን ስሌቱ የተሳሳተ መሆኑን ቢነግሩት ትልቅ ውለታ ይውሉለታል። በሆ ቺ ሚን ከተማ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሞተሮች እንዳሉ ይታወቃል፤ በትርምስ ረገድ የእኛዋ ከተማ ከእርሷ ጋር አትወዳደርም። ይሁን እንጂ እዚያ መንገዱ የሞተረኛ ነው። መኪና የያዘው ሰው በቁጥር ጥቂት በመሆኑ፣ በግራውም በቀኙም ሞተር መኖሩን አስቀድሞ አምኖ ነው መሪውን የሚያዞረው፤ እግረኛው እንኳ ሳይሮጥና ሳይደናገጥ ቀስ ብሎ ቢሻገር ሞተረኞቹ ዙሪያውን እንደሚያልፉት ያውቃል። ተከራይዎ ለዓመታት የለመደው ሁሉም ሰው እርሱን እየጠበቀ በሚነዳበት ከተማ መንዳትን ነው።

አዲስ አበባ ላይ የሚጠብቀው ሰው የለም። የሚኒባስ ሾፌራችን ስፖኪዮውን የሚያየው፣ ሌላ ታክሲ ቀድሞት ተሳፋሪ እንዳይወስድበት እንጂ ከኋላ ሞተር ይመጣል ብሎ አይደለም። ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ እንደተሰማ፣ ብዙ ጊዜ ፍሬቻ እንኳ ሳይበራ፣ ታክሲው ወደ ቀኝ ይጠጋል፤ በሩም ጎማው ቀጥ ብሎ ሳይቆም ይከፈታል። በታክሲውና በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ መካከል የምትቀረው ቀጭን ክፍተት ከሳይጎን ለመጣ ሞተረኛ ጥሩ ማለፊያ ትመስላለች፤ እዚህ ግን ረዳቱና ወራጁ እግራቸውን የሚያሳርፉባት ቦታ ናት። የመኪና ሰልፍ ያለ ምክንያት የቆመ ሲመስልም እንዲሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ሰው እየተሻገረ ነው፤ በሰልፉ መካከል ሾልኮ የሚወጣ ሞተርም ከእግረኛው ጋር የሚገናኘው ሁለቱም በማይተያዩበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ተከራይዎ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚሰማዎት ከሆነ ይህን ይንገሩት፦ ሚኒባስን በቀኙ አይለፍ፤ ቆሞ ቢያገኘውም አይለፍ።

ከመንገዱ በፊት ግን ወረቀቱ ይቀድማል። የከተማው አስተዳደር በሞተር እየታገዘ የሚፈጸመውን ቅሚያና ዝርፊያ ለመግታት በሚል፣ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ ማገዱን ያስታውሳሉ፤ በወቅቱ ከእገዳው ውጪ ከሆኑት መካከል የኤምባሲዎችና የፖስታ አገልግሎት ሞተሮች ይገኙ ነበር። በዚህ ምክንያት ተከራይዎ አንዲት ብር ከመክፈሉ በፊት በመሥሪያ ቤቱ አስተዳደር ክፍል በኩል ለከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ደብዳቤ አጽፎ፣ በግሉ ለመንዳት የሚያስፈልገውን ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቅ። የሻጭ «ችግር የለውም» ለትራፊክ ፖሊስ አይነበብም። አገሩ ከሚመለስ ወዳጁ በርካሽ ለመግዛት ካሰበም፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ተሽከርካሪ ያንኑ መብት ለሌለው ሰው የሚተላለፈው ቀረጡ ተከፍሎ መሆኑን ይወቅ፤ ርካሹ ሞተር ውድ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

የመንጃ ፈቃድ ነገርም አለ። የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ሞተር ለመንዳት አያገለግልም፤ ከአገሩ ያመጣው ፈቃድ ሞተርን የሚጨምር መሆኑን አይቶ፣ አረጋግጦና አስለውጦ መያዝ ይኖርበታል። በወረቀቶቹ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ደግሞ አብረውት ቢያነቡለት መልካም ነው፤ «05/11» የሚለውን አይቶ እስከ ኅዳር ጊዜ አለኝ ብሎ የተዘናጋ የውጭ ሰው፣ ቦሎው ሐምሌ 5 ቀን ያለፈበት መሆኑን የሚሰማው ከትራፊክ ፖሊስ አፍ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን መግባት ግዴታ ነው፤ ይህ መድን ግን በአደጋው የተጎዳውን ሌላ ሰው እንጂ ሞተረኛውን ራሱን አይክስም። መሥሪያ ቤቱ የገባለት የጤና መድንም ሞተርን ከሽፋኑ ያወጣ መሆን አለመሆኑን ውሉን ከፍቶ ያንብብ፤ እንዲህ ያለ አንቀጽ ያለባቸው ውሎች ብዙ ናቸው።

ስለ ሞተሩ ዓይነት አልጠየቁንም፤ ቢሆንም እርሱ መጠየቁ አይቀርም። ሆ ቺ ሚን ከተማ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ የማትል ሜዳ ናት፤ አዲስ አበባ ግን 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስለሚያንስ የቤንዚን ሞተር ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እዚያ የለመደው 125 ሲሲ ሞተር እዚህ ከ100 ሲሲ ያነሰ ሆኖ ይሰማዋል፤ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ ደግሞ በደንብ ይገባዋል። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለው አሠራሩ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ብዙ ነዳጅ ስለሚያስገባ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውንም ያጠቁራል፤ መካኒኩ የነዳጅ ማሳለፊያዋን ቀዳዳ በጠባብ ሲለውጥለት ይስተካከላል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ጉልበቱን አይነካውም፤ ስለዚህ ለቀበናና ለአራት ኪሎ ዳገት እኛ የምንመርጠው እርሱን ነው። በነገራችን ላይ ከፍታው ሰውንም ይነካል፦ ከዝቅተኛ አገር የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱን ሊያመውና እንቅልፍ ሊያጣ ስለሚችል፣ በዚያ ድካም ላይ ሆኖ መንዳት አይጀምር።

ዝናብን ከሳይጎን ያውቀዋል፤ እዚያም ይዘንባል። የእኛ ዝናብ ልዩነቱ ከዳገት፣ ከኮብልስቶንና ከብርድ ጋር መምጣቱ ነው። ከረጅም በጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ በአስፋልቱ ላይ የተጠራቀመውን አቧራና ዘይት ስለሚያንሳፍፈው መንገዱ በጣም ያንሸራትታል፤ ውኃ በተኛበት ቦታ ደግሞ ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ ከሥር ሊኖር ይችላል። ፍርዳችንን እንናገር ካሉን፣ የመጀመሪያውን ክረምት፣ ማለትም ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ፣ በታክሲና በእግር ቢያሳልፈው እንወዳለን። በየታክሲው ወንበር ላይ ሆኖ ሾፌሮቹ የት እንደሚቆሙና የት እንደሚታጠፉ እያየ ከተማዋን ይማራል፤ ጥቅምት ሲገባም ሞተሩን ያወጣል። በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት ሰፋፊ መንገዶች ዳር ያለው የብስክሌት መስመር የብስክሌት ብቻ መሆኑንም ይንገሩት፤ ባዶ ሆኖ ሲታይ ያጓጓል።

የሰፈሩን ነገር ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ለእርሱ ግን ማንም አይነግረውም። ከግቢ ወጥቶ መንገዱን የዘጋ ድንኳን ቢያገኝ፣ የለቅሶም ይሁን የሠርግ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ እየገፋ ይለፍ፤ ክላክስ በፍጹም አይንካ። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ ሰፈራችሁ በሕዝብ ስለሚሞላ ሞተሩ ግቢ ይዋል። በበዓላት ዋዜማ በጎች መንገድ ማቋረጣቸው፣ በየካቲት በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞንም የእንግዶች አጀብ እስኪያልፍ መንገድ መዘጋቱ የተለመደ ነው፤ ፖሊስ እጁን ሲያነሣ «እኔ ሞተር ነኝ፣ ጠጋ ብዬ አልፋለሁ» ማለት አይሠራም። ማታ አምሽቶ የሚመለስ ከሆነ ከዘበኛችሁ ጋር በስልክ ይቀጣጠር እንጂ በር ላይ ሞተር እያስጮኸ ጎረቤት አይቀስቅስ።

ሄልሜትን በተመለከተ ብዙ ማባበል አያስፈልግዎትም፤ ቬትናም ከታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ሄልሜት ሞተር መንዳትን ስለከለከለች ልማዱ አለው። ነገር ግን በሞቃት አገር የተለመደችውን፣ አናትን ብቻ የምትሸፍነውን ቀላል ቆብ ይዞ ከመጣ፣ አገጭን ጭምር በሚሸፍን ይለውጣት። በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ አንድ ጊዜ በኃይል የተጋጨ ሄልሜት ግን፣ ከውጭ ደህና ቢመስልም፣ ዳግመኛ አይደረግም።

ባለቤትዎ የሚሰጉበት ቀን ቢመጣስ? የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የእርስዎን፣ የመሥሪያ ቤቱንና ይህን ቁጥር ስልኩ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ጽፎ ኪሱ ይያዝ። ሰው ከነካ ይቁም፣ ይርዳ፣ ትራፊክ ፖሊስ እስኪመጣም ሞተሩን ከቦታው አያንሣ። ሰው ሲሰበሰብ ሊደነግጥ ይችላል፤ ከተሰበሰበው መካከል አብዛኛው ሊረዳ የመጣ መሆኑን አስቀድመው ቢነግሩት፣ አማርኛ የሚችል ሰው እስኪደርስለት ድረስም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ክርክር ባይጀምር ይሻለዋል። «ምን እንመልሳለን?» ላሉት ባለቤትዎም፣ የቅርብ ዘመዱን ስልክ ከወዲሁ ተቀብለው ቢያስቀምጡ ከምንም ክልከላ በላይ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ ፈቃድ ባለው ሞተር ዕቃ አደርስ ነበር፤ አሁን ካምፓላ ሥራ አግኝቼ ልሄድ ነው። እዚያም ሞተር ልይዝ አስባለሁ። ምን ልጠንቀቅ?
ቢ.፣ ከፒያሳ

መልስ፦ አንተ የምትሄደው ከወይዘሮዋ ተከራይ በተቃራኒ፣ ሞተር ብርቅ ከሆነበት ከተማ ሞተር ወደሞላበት ነው። በካምፓላ ቦዳ ቦዳ የሚባሉት የሰው ማመላለሻ ሞተሮች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ፤ እዚህ የለመድከው ለመኪና ብቻ የመጠንቀቅ ነገር አያዋጣህም። ትልቁ ልዩነት ግን በኡጋንዳ የሚነዳው በግራ መሆኑ ነው። በተጨናነቀ ሰዓት ከፊትህ ያለውን ስለምትከተል አትሳሳትም፤ የምትሳሳተው ማለዳ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ወይም ነዳጅ ቀድተህ ከማደያ ስትወጣ እጅህ በልማድ ወደ ቀኝ ሲጎትትህ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ከማደያና ከግቢ በወጣህ ቁጥር ቆም በል። መንገድ ስታቋርጥም፣ በእግርህም ብትሆን፣ መጀመሪያ የምታየው ወደ ቀኝ ነው። ሞተርህን ከዚህ ይዘህ ለመሄድ ካሰብክ ተወው፤ የፊት መብራቱ በቀኝ ለሚነዳበት አገር የተሠራ ስለሆነ እዚያ ከፊት የሚመጣውን ዓይን ይወጋል፤ ሄልሜትህን ግን ይዘህ ሂድ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአገር ሰው ከፈለግህ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር ይገኛሉ፤ የትኛው ጋራዥ እንደሚታመን፣ የትኛው መንገድ በዝናብ እንደሚዘጋ እዚያ ጠይቅ።