ባለ ማንሻ የኤስፕሬሶ ማሽን በቤት፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ላ ፓቮኒ ዩሮፒኮላ የተባለችውን የጣሊያን ማሽን እጠቀማለሁ፣ እጠግናለሁም። ዛሬ የምመልሰው ሞላ ስለሌላት፣ ማንሻዋን በክንዳችን ስለምንጫናት ማሽን ነው። መጀመሪያ ግን ይህን ያዙልኝ፦ ማሽኗ ትኩስ ሆና የቦይለሩን (ውኃው የሚፈላበትን ጋን) ክዳን አትክፈቱ። አጥፉ፣ እንፋሎቱን በቱቦው አስወጡ፣ ማኖሜትሩ (ግፊት መለኪያው) ዜሮ ላይ ሲቆም ብቻ ክፈቱ።

ከሲኤምሲ፦ እህቴ ከአሜሪካ ዩሮፒኮላ ላከችልኝ። አዳፕተር ገዝቼ ልሰካት?

መልስ፦ እንዳትሰካት! ከሥሯ የተለጠፈውን አንብብ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ፣ 1000 ዋት የነበረው ሬዚስታንስ (ውኃ ማሞቂያው) በእኛ 220 ቮልት ከ3300 ዋት በላይ ይስባል። ይቃጠላል። አዳፕተር የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። 1500 ዋት የሚችል፣ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ። ወይም ሬዚስታንሱን በ220 አስቀይር። ሌላው ሬዚስታንስ የሚገድለው የውኃ ማነስ ነው። በጎን ባለው መስታወት ውኃው ካልታየህ አታብራት።

ከአያት፦ የእኔ ቡና ሁልጊዜ ይኮመጥጣል። ዱባይ ያለው ወንድሜ ያንኑ ቡና በዚያው ዓይነት ማሽን ሲያወጣው ግን ግሩም ነው። ሁለታችንም ጋ ማኖሜትሩ 0.8 ባር ነው የሚያሳየው። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ይህን የሚጠይቅ ሰው ስጠብቅ ነበር። ማኖሜትሩ የሚያሳየው በቦይለሩ ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ የሳሳ ነው፤ ግፊቱ 0.76 ባር ገደማ ቢሆን ነው። ዱባይ ላይ 1 ባር ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም 0.8 ስታዩ፣ የወንድምሽ ቦይለር ውኃ 117 ዲግሪ ሲሆን ያንቺ 113 አካባቢ ነው። ውኃው ወደ ቡናው ሲወርድ ደግሞ ግሩፑ (ውኃው ወደ ቡናው የሚያልፍበት የብረት ክፍል) ላይ ሙቀቱን ይጥላል። ያንቺ ከዝቅታ ስለተነሳ ቡናው ጋ ሲደርስ ቀዝቀዝ ብሏል። እንዲህ ያለ ውኃ ኮምጣጣውን ያወጣል፣ ጣፋጩን እዚያው ይተወዋል። አቆላልሽ ፈካ ያለ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ከሥሯ ያለውን ግፊት መቆጣጠሪያ ወደ 0.95 ከፍ አድርጊው። ከ1 አታሳልፊ። ሥሯን የምትከፍቺው ከሶኬት ነቅለሽ፣ ሙሉ በሙሉ ስትቀዘቅዝ ነው። መመሪያው የተጻፈው ሚላኖ ነው፤ ሚላኖ ደግሞ 120 ሜትር ላይ ናት። ለእኛ ከፍታ ራሳችን ማስተካከል አለብን። ማሽኗ ስትሞቅም የእንፋሎቱን ቱቦ ለአፍታ ክፈቺው። የታፈነው አየር ካልወጣ ማኖሜትሩ ሳትሞቅ ሞቃለች ይልሻል።

ከዱባይ፦ ወንድምየው እኔ ነኝ። እኔ ጋ ደግሞ ሦስተኛው ሲኒ ያርራል፣ ይመራል።

መልስ፦ ግሩፑ በቀጥታ ከቦይለሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በየሲኒው እየጋለ ይሄዳል። ሁለት አውጥተህ እረፍ። ፖርታፊልተሩን (ቡናው የሚሞላበትን ባለ እጀታ መያዣ) ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረህ ብትገጥመው ሙቀቱን ይስብልሃል።

ከአዳማ፦ የእኔ አትሠራም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «አትሠራም» ብቻ ብትለኝ ምን ልበልህ? አትሞቅም? ውኃ አታወርድም? ታንጠባጥባለች? ቡናውንስ በምን ትፈጫለህ? ይህን ጽፈህ ተመለስ።

ከአዳማ፦ ቡናው እንደ ውኃ ይንዠቀዠቃል። በሙቀጫ ነው የምወቅጠው።

መልስ፦ ችግሩ እሱ ነው። ሙቀጫ ለጀበና ይሆናል። ለዚህች ማሽን ግን ዱቄቱ ደቃቅና እኩል ካልሆነ 9 ባር አካባቢ የሚደርሰውን ግፊት አይቋቋምም። የኤስፕሬሶ ወፍጮ ያስፈልግሃል። 14 ግራም ሙላ፣ ማንሻውን አንሣ፣ የመጀመሪያው ጠብታ እስኪታይ ጠብቅ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ተጫን። በ30 ሰከንድ ገደማ 28 ግራም ይውረድልህ። ማንሻው ያለ ትግል ከወረደ ዱቄቱ ሻካራ ነው ማለት ነው።

ከድሬዳዋ፦ በዚህ ማሽን የሐረር ደረቅ ቡና ብቻ ነው የሚያዋጣው። ይርጋጨፌ አሲዱ ይበዛል።

ከሐዋሳ፦ ማን አለ? የታጠበ ይርጋጨፌን አቆላሉን የማያውቅ ነው እንዲህ የሚለው።

ከድሬዳዋ፦ ክሬማውን (ከላይ የሚሰፍረውን አረፋ) አወዳድሪና ንገሪኝ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጀበና እያለ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ጀበናን ለሌላ ቀን እናቆየው። ሁለቱም ቡናዎች ይሆናሉ። የምትሳሳቱት ሌላ ቦታ ነው፤ ዛሬ ቆልታችሁ ዛሬ ታወጣላችሁ። ትኩስ የተቆላ ቡና ጋዝ ስላለው ክሬማው ይነፋል፣ ጣዕሙ ይሳሳል። ቢያንስ አምስት ቀን ይረፍ።

ከቴል አቪቭ፦ ስጫን በፒስቶኑ (ውኃውን ወደ ቡናው በሚገፋው) ዘንግ ዙሪያ ውኃ ይወጣል። ማንሻውም ላልቷል።

መልስ፦ ጎሚኒዎቹ አልቀዋል። ማሽኗ ቀዝቅዛ፣ ከሶኬት ተነቅላ፣ ግፊት እንደሌላት አረጋግጠህ ግሩፑን ፍታ። ፒስቶኑ ላይ ሁለት ጎሚኒዎች ታገኛለህ። አሮጌዎቹ ደርቀው፣ ከንፈራቸው ተበልቶ፣ ስትነካቸው ጥቁር ነገር ጣትህ ላይ ይቀራል። አዲሶቹን ስትገጥም አቅጣጫቸውን ተጠንቀቅ፦ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ታች፣ የላይኛው ወደ ላይ ይሁን። ብዙ ሰው ሁለቱንም ወደ አንድ ወገን አድርጎ ይገጥምና ማሽኗ ተበላሸች ይላል። የዘንጉንም ጎሚኒ አብረህ ቀይር። ለምግብ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት ስስ አድርገህ ቀባ። የመኪና ግሪስ አይሆንም፣ የምግብ ዘይትም አይሆንም። ስታዝዝ የማሽንህን ዘመን ንገራቸው፤ የድሮዎቹ የቡና ወንፊት 49 ሚሊ ሜትር፣ ከ2000 ገደማ ወዲህ የተሠሩት ደግሞ 51 ነው፤ ጎሚኒያቸውም ይለያያል።

ከመገናኛ፦ ውስጧ ነጭ ቅርፊት ይዟል። በኮምጣጤ ላጽዳው?

መልስ፦ ሽታው አይለቅሽም። ሲትሪክ አሲድ ይሻላል። ከዚያ ደጋግመሽ በንጹሕ ውኃ እጠቢ።

ከቦሌ፦ ለማኪያቶ የወተት አረፋስ?

መልስ፦ ስለ ወተት ሌላ ሰው ይመልስ።

ከጎንደር፦ ውኃ ሲያልቅብኝ ክዳኑን ትንሽ ላላ አድርጌ እንፋሎቱን ባስወጣስ?

መልስ፦ አይሆንም! መጀመሪያ የጻፍኩት ለዚህ ነበር። ላላ ያለ ክዳን ተስፈንጥሮ የፈላ ውኃ ፊትህ ላይ ይረጫል። አጥፋ፣ በቱቦው አስወጣ፣ ዜሮ ጠብቅ። ፖርታፊልተሩንም ግፊቱ ሳይበርድ አትንቀል፤ ትኩሱ አተላ ይበተንብሃል።

ከጀሞ፦ ልጄ፣ እኛ ሰፈር መብራት መሀል ላይ ይጠፋል። ማሽኗን ይጎዳታል?

መልስ፦ ጋሼ፣ መጥፋቱ አይጎዳትም። ወተት እያሞቁ ከጠፋ ግን ቱቦውን ቶሎ ከወተቱ ያውጡት። ቦይለሩ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ውኃ ይመለስና ውስጡ አየር መሳብ ይጀምራል። ቱቦው ወተት ውስጥ ከቀረና ቧንቧው ክፍት ከሆነ ወተቱን ወደ ቦይለሩ ይስበዋል፤ ያን ማጽዳት ከባድ ነው። ማጥፊያውንም ያጥፉት፤ መብራቱ እርስዎ በሌሉበት ሊመጣ ይችላል።